አሥራ አንደኛው መብራት

ለውድ እህቴ ለእታለም ኦክቡን፤

ይህን ደብዳቤ ስትከፍቺ ጠዋት ከሆነ እንደምን አደርሽ፣ ማታ ከሆነ እንደምን አመሸሽ፤ የእናንተና የእኛ ሰዓት ተገለባባጭ ስለሆነ ሁለቱንም ልኬልሻለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ባለፈው ከስፌት መኪናው ስትነሺ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጮኻል ብለሽኝ ነበር። ባለቤትሽ ጋሼ ቻንግስ ጨው ቀነሰ ወይስ አሁንም ያን ጨዋማ የጎመን ኪምቺ ተደብቆ ይበላል? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጅሽ፣ ያ ፀጉራም ውሻችሁም ሳይቀር ደኅና ናችሁ? እናንተ ዘንድ አሁን ሙቀቱ እየገባ ይሆናል። እዚህ ሴኡል ውርጭ ጀምሯል። የክረምቱን ኪምቺ ግን እስካሁን አላዘጋጀሁም። ጎረቤቶቼ ሁሉ ጨርሰው ማሰሮአቸውን ዘግተዋል፤ የእኔ ጎመን በረንዳ ላይ ተከምሮ ይጠብቀኛል። ምክንያቱን ስታነቢ ትፈርጂልኛለሽ።

እኔ ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም በላይ ነኝ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም፤ ስለዚህ ሳትደነግጪ አንብቢ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ስንደዋወል እንዴት እንደምንሆን ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበርን። መምህሩ ስሜን ሲጠይቀኝ አንቺ ነበርሽ የምትመልሺው። ባለሱቁ መልስ ሲያጎድልብኝ አንቺ ነበርሽ ተመልሰሽ የምትጮኺበት። ይህን ወሬ ግን በራሴ አፍ መናገር አለብኝ፣ አንቺም ሳታቋርጪኝ መስማት አለብሽ። ለዚህ ደግሞ ከወረቀት የተሻለ አላገኘሁም።

በእማማ ፓንግ የካልጉክሱ ሾርባ ቤት ተነሥተን የላኩልሽን ፎቶግራፍ አስታወስሽው? ከኋላችን ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች፣ ዳገት እንደሚወጡ ሰዎች ትንሽ ትንሽ ዘመም ብለው ተደርድረዋል። «ምን ዓይነት ቤት ነው፣ አምፖሎቹን ቀጥ አድርጎ የሚሰቅል ሰው እንኳ የላቸውም?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። እታለም፣ ሆን ብዬ ያዘመምኳቸው እኔ ነኝ። ያ ነገር ተራ መብራት አይደለም፤ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሐን ወንዝ ማዶ በሚገኝ ትልቅ አዳራሽ ለጨረታ ቀርቦ ነበር።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። አንቺ በጸደይ ወደ አርጀንቲና ሄድሽ፤ በዚያው ዓመት መኸር ላይ አንድ ቀጭን ሰው እኔ ወደምሠራበት፣ ኡልጂሮ ወደሚገኘው ወደ አለቃ ናም መብራት ሱቅ መጣ። መምህር ፒዮ ሱንግጁ ይባላል፤ ነፍሱን ይማርና ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ቀራፂ ነኝ፣ ከአምፖል አንድ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ፣ ነገር ግን አምፖሎቼ ሁሉ ባንድ ላይ ቦግ እያሉ እንደ ሆስፒታል ይሆኑብኛል አለ። አለቃ ናም ያኔም አፉ አያርፍም፤ «ይህችን ልጅ ጠይቃት። ሃያ ዋት ናት፣ ብዙም አታበራም፣ ግን ስለ አርባ ዋት ከእኔ የበለጠ ታውቃለች» አለው። ቁጥብ ስለሆንኩ ነው ሃያ ዋት የሚለኝ፤ መንገዱ ሁሉ እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራኛል። እውነቱን ለመናገር አውቅ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ስወጣ የቀረኝን ትምህርት የተማርኩት አምፖል ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና በካርቶን ውስጥ ከሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ነው። ሌላው የሚጥለውን እኔ እያቃናሁ አነበው ነበር።

መምህር ፒዮ ስለ ኤሌክትሪክ አልጠየቀኝም። «በልጅነትሽ እየጠበቅሽ ያየሽው ብርሃን አለ?» አለኝ። ማንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። የጉድጓዱን አፍ ነገርኩት። አንቺና እኔ እናታችንን ግራና ቀኝ ይዘን የከሰሉ ጉድጓድ በር ላይ የምንቆመውን፣ ፈረቃው ሲያልቅ የራስ ቁር መብራቶቹ ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ሲወጡ አንቺ በጣትሽ የምትቆጥሪውን። የአባታችን ቡድን አሥራ አንድ ሰው ነበር። አባባ አለቃቸው ስለሆነ ሰው ሁሉ መውጣቱን አይቶ ነው የሚወጣው፤ አሥረኛው ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ ባዶ ይመስላል፤ አንቺም መቁጠርሽን ታቆሚያለሽ፤ እናታችንም ከንፈሯን ሳትከፍት «ና እንጂ፣ ና እንጂ» ትላለች። ከዚያ ከታች ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም የሚል ነገር ይታያል። የአባባ የመብራት ገመድ ልል ነበር። ይህን ሁሉ ለዚያ ሰው ነገርኩት። ለአንቺ እንኳ እንደማስታውሰው ነግሬሽ አላውቅም።

እሱም «እንደዚያ ማብራት ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል አልኩ። እታለም፣ ፍሎረሰንት ሲበራ የሚንተባተበው ስታርተር በምትባል ጣት በምታህል ቆርቆሮ ምክንያት ነው። አንዷ ስታርተር ፈጣን ናት፣ አንዷ ዘገምተኛ። ደንበኛ ዘገምተኛዋን ሲያገኝ ተበላሸ ብሎ ይመልሳታል። እኔ የተመለሱትን ሰበሰብኩ። ሁለት መቶ ያህል ስታርተር አንድ በአንድ እየሰካሁ፣ እየቆጠርኩ፣ ከታች በእርሳስ ቁጥር እየጻፍኩ ሁለት ወር ፈጀሁ። ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው በተራ የሚነሡትን መረጥኩ፤ ለአሥራ አንደኛው ሁሉም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ የምትነሣዋን። ሽቦዎቹን ያሰርኩት እናታችን የፍጅል ቅጠል ለክረምት ስትሰቅል በምትቋጥረው ቋጠሮ ነው፤ ሌላ ቋጠሮ አላውቅም። ሥራው ሲያልቅ መምህር ፒዮ «አሥራ አንድ» ብሎ ሰየመው። የእኔም ስም አብሮ ይጻፍ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ አፍሬ እምቢ ያልኩት።

በዚያ ክረምት በኤግዚቢሽን ታየ፣ ማንም አልገዛውም። መምህር ፒዮ በየቀኑ እማማ ፓንግ ዘንድ ይበላ ስለነበር ወስዶ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለላት። እሷም «ደግ ነው፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ይሸፍንልኛል» ብላ ተቀበለችው። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኡልጂሮ ሰው ሁሉ በሥሩ ሾርባ ጠጣ። አምፖል ሲቃጠል እቀይራለሁ፣ ስታርተር ሲደክም እንደገና ቆጥሬ እመርጣለሁ። አንድ ጊዜ አምፖል ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለዚሁ ሥራ የተጻፈ ቁራጭ አገኘሁ። ፕሮፌሰር ኩክ የሚባል ትልቅ ባለሙያ የጻፈው ነው። አሥር የፍጹምነት ቁጥር ስለሆነ አሥራ አንደኛው ከፍጹምነት አልፎ መሄድን ያመለክታል ይላል። አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቆንጆ አጻጻፍ ነበር፤ ስህተት ነው ብዬ ግን ለማን ልንገር?

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። የእማማ ፓንግ መንገድ ሊፈርስ ነው። ለአርባ ዓመት የቆየችበትን ቤት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልቀቂ ተብላለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከሁለት መንገድ ወዲያ ለመከራየት አቅም የላትም፤ ልጇ ዘንድ ሄዳ ቲቪ ስታይ መዋልን ደግሞ ከሞት ለይታ አታየውም። በሴፕቴምበር ላይ ወይዘሪት ቻ የምትባል ልጅ ምሳ ልትበላ ገብታ ቀና አለችና ማንኪያዋን ጣለች። የጨረታ ቤት ሠራተኛ ነበረች። «እማማ፣ ይህን ከየት አመጡት?» ስትላት እማማ ፓንግ «ሒሳብሽን ክፈይና እነግርሻለሁ» አለቻት። እንዲህ ብሎ ነው ሁሉም የተጀመረው። አውርደው ወሰዱት፣ በኖቬምበር አሥራ ስድስት ይሸጣል ተባለ፣ በመጽሔታቸው ላይ ፎቶው ወጣ። እማማ ፓንግ ያን መጽሔት ሾርባ ሊበላ ለገባ ሁሉ ታሳይ ነበር።

ጨረታው ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ቀትር ላይ፣ ምሳዬን ልበላ ስገባ እማማ ፓንግ ምድጃውን አጥፍታ ተቀምጣለች። በምሳ ሰዓት ምድጃዋ ጠፍቶ አይቼ አላውቅም። «ሐሰተኛ ነው አሉኝ» አለችኝ። ፕሮፌሰር ኩክ ሊያየው ሲመጣ አበሩለት፤ አሥራ አንዱም ባንድ ጊዜ ቦግ አሉ። እሱ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ የመምህር ፒዮ ሥራ በተራ በተራ ነው የሚበራው፣ የሚቆጣጠረው መሣሪያ ነበረው፣ ይህ ግን መሣሪያም ፊርማም የለውም፣ የመብራት ሱቅ ቅጂ ነው ብሎ ተነሣ። እስከ ረቡዕ ቀትር እውነተኛ መሆኑ ካልተረጋገጠ ከጨረታው ይወጣል፤ መልሳ ካልወሰደችው ደግሞ፣ ውስጡ መርዛማ ሜርኩሪ ስላለ ይጣላል አሏት። «እኔ ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም» አለችኝ፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ሁሉ ስሰጥ የኖርኩት ሾርባ ሐሰተኛ ነው የተባልኩ ያህል ነው የተሰማኝ።»

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወይዘሪት ቻ ጋ ደወልኩ፤ ራሴ ደወልኩ እታለም፣ ልብ አድርጊልኝ። የውስጡን ዕቃ ለውጣችኋል ወይ አልኳት። አዎ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን አሮጌውን አውጥተው ምርጥ ዘመናዊ ባላስት፣ አዲስ የኃይል መመጠኛ፣ ገጠሙለት፣ አሁን ምንም ብልጭ ድርግም አይልም፣ ጥሩ አይደለም? አለችኝ። አየሽ፤ እነዚህ ልጆች ያደጉት በፍጥነት መብራት ክብር በሆነበት ከተማ ነው። የሚንተባተብ መብራት ሲያዩ አዘኑለትና አከሙት። አዲሱ ባላስት ስታርተር ስለማያስፈልገው ስታርተሮቹን ከነአሮጌው ባላስት አውጥተው ሸጡ። ለማን እንደሸጡ ግን መጠየቅ አላስፈለገኝም። በዚህ ከተማ መዳብ ያለበት ነገር ሁሉ መጨረሻው አንድ ቦታ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከአለቃ ናም ጋር ቁራሌው ብዮን ዘንድ ሄድን። አለቃ ናም ሰማንያ ሁለት ሆኖታል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው፣ ግን አልቀርም ብሎ ተከተለኝ። ብዮን የብረት ክምሩ ላይ ተቀምጦ ድንች ይበላ ነበር። «ሃያ ዋት፣ እዚህ ያለው ባላስት ሁሉ ወንድማማች ነው፤ የራስሽን በምን ትለዪዋለሽ?» አለኝ። ክምሩ ውስጥ ገባሁ። አለቃ ናም ከዳር ቆሞ «ፈልጊ፣ ፈልጊ! እኔ ከዚህ ሆኜ በሐሳብ እያገዝኩሽ ነው» ይለኛል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የእናታችንን ቋጠሮ አገኘሁት። ከሽቦው ጋር ቆርጠው ስለጣሉት ቋጠሮው እንዳለ ነበር። አንድ ሲገኝ ሌሎቹ ከሥሩ ተገኙ። ስታርተሮቹ ግን መዳብ የላቸውም፣ ማን ያስቀምጣቸዋል? ያኔ ብዮን ድንቹን ዋጥ አድርጎ «እነዚያ ቆርቆሮዎች ናቸው እንዴ? ሚስቴ የራምዮን ፓስታ ካርቶን ውስጥ አድርጋለች፣ አሉሚኒየሙን ልትልጥ» አለ። ካርቶኑን ከፈትኩት። ግልብጥ ሳደርጋቸው ቁጥሮቼ ከነእርሳሴ ነበሩ፤ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ። ብዮን ለካርቶኑ ምንም አልቀበልም አለ። «እማማ ፓንግ ዘንድ የበላሁትን ተጨማሪ ኪምቺ ከቆጠርን ባለዕዳው እኔ ነኝ» አለ።

ረቡዕ ጠዋት ከቤት ስወጣ የቤት ጫማዬን አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙሬ አስቀመጥኩ። እናታችን አባባ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ፣ በሰላም ተመልሶ እንዲገባበት እንደምታደርገው። የጨረታው ቤት በር ላይ ዘበኛው የሥራ ቦርሳዬን አየና የጽዳት ሠራተኞች በር በጎን በኩል ነው አለኝ። አለቃ ናም «አያ፣ እሷ ካልገባች ዛሬ በጨለማ ነው የምትሸጡት» አለውና ከዘራውን አስቀድሞ ገባ። ባላስቶቹን ለመመለስ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ወይዘሪት ቻ አጠገቤ ተንበርክካ የእጅ ባትሪ እያበራችልኝ «አክስቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኛ ያሻሻልን መስሎን ነው» ትላለች። ምንም አይደለም አልኳት። ሽቦው አልነበረም ያስፈራኝ፤ ከዚያ በኋላ መናገር ሊኖርብኝ መሆኑ ነበር።

ቀትር ሲቃረብ እማማ ፓንግ ምድጃዋን ትታ ደረሰች፤ ከዚያ ፕሮፌሰር ኩክ መጣ። ረጅም፣ ሽበታም፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋ መሆኑ የበለጠ አስፈራኝ። ዙሪያውን ዞሮ አየና «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ የመብራት ሱቅ ሥራ ነው» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እታለም፣ እኔም ዞር አልኩ፤ አንቺን ፍለጋ። ሃምሳ አራት ዓመት ሆኖኝ፣ አንቺ በዓለም ጫፍ እያለሽ፣ ልትመልሽልኝ ከኋላዬ የቆምሽ መስሎኝ ዞርኩ። ከኋላዬ የነበረው አለቃ ናም ብቻ ነው፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ዝም ብሏል። ስለዚህ «አዎ፣ የመብራት ሱቅ ሥራ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

መቆጣጠሪያ መሣሪያው የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ኖሮም አያውቅም አልኩት። «ታዲያ ተራቸውን ማን ይጠብቃል?» አለ። «እኔ» አልኩ። ስታርተሮቹን፣ ቁጥሮቹን አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ፣ ግን አላመነም። ከኪሱ አሮጌ ማስታወሻ ደብተር አወጣና ለማንም ሳያሳይ ገለጠው። «በመክፈቻው ቀን የመጨረሻው አምፖል ከመብራቱ በፊት ብልጭ ድርግም ሲል ቆጥሬ ጽፌአለሁ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የሠሩት እርስዎ ከሆኑ ስንት ጊዜ ነበር?» አለኝ። ከጎኔ የቆመችው እማማ ፓንግ እጄን ጨበጠች። ሁሉም አንድ ቁጥር እንድናገር ይጠብቃል። እኔ ግን አንድ ቁጥር የለኝም። ስታርተር ሕይወት ያለው ነገር ነው። «በዚያ ቀን ብርድ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ምን ያገናኘዋል አለ። «ቤቱ ከሞቀ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ነው፤ ከበረደ ስምንት፤ በጣም ከበረደ ዘጠኝ ይሄዳል፣ ከዘጠኝ ግን አልፎ አያውቅም» አልኩት።

ፕሮፌሰሩ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረው። በእርሳስ «ዲሴምበር 12። ምድጃ የለም፣ ካፖርታችንን አላወለቅንም። የመጨረሻው፦ ዘጠኝ» ይላል። ከዚያ እንዲበራ ጠየቀ። አንደኛው ተነሣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ቀስ እያሉ እስከ አሥር ወጡ፤ አሥራ አንደኛው ዘገየ፤ ከዚያ የአባባ መብራት መንተባተብ ጀመረ። ሰባት ጊዜ፣ ክፍሉ ሞቃት ስለነበር። ሲበራ ያ ትልቅ ሰው ሁለት እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ፣ ወገቡን አጥፎ፣ ግንባሩ ጉልበቴ ጋ እስኪደርስ ሰገደልኝ። ቀና ብሎም አሥራ አንድ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። «የአባቴ ቡድን አሥራ አንድ ሰው ስለነበረ ነው» አልኩት። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። አለቃ ናም በጆሮዬ «ሰውየው ከፍጹምነት አልፎ ሄደ» አለኝ፤ ያን ቁራጭ ጋዜጣ እሱም አንብቦት ኖሯል ለካ።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የኡልጂሮ ሰው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከኋላ ተኮልኩሏል፤ ብዮን እንኳ ታጥቦ መጣ። አለቃ ናም እማማ ፓንግን «እጅሽን እንዳታነሺ፣ አፍንጫሽን ብታሺ እንኳ የራስሽን መብራት መልሰሽ ትገዢዋለሽ» ብሎ ስላስፈራራት ምስኪኗ ሁለት እጇን መቀመጫዋ ሥር አድርጋ ነበር። ተራው ሲደርስ አጫራቹ ስለ ሥራው ተናገረና፣ እኔ ፈጽሞ ያልጠበቅሁትን ነገር አከለ፦ «የብርሃኑን ተራ የመረጠችውና የሠራችው፦ ታክ ዶክሱን፣ ኡልጂሮ።» የራሴን ስም፣ ታክ ከሚለው ከአባታችን የቤተሰብ ስም ጋር፣ በዚያ ድምፅ ማጉያ ሰማሁት። ከዚያ የአዳራሹ መብራት ጠፋ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ወጡ። ያ ሁሉ ሐር የለበሰ ሕዝብ ትንፋሹን ያዘ። አሥረኛው በራና ቀጥ አለ። ጥበቃው ረዘመ፤ ከፊት አንዱ ተበላሽቷል ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። አሥራ አንደኛው ብልጭ አለ፣ ድርግም አለ፣ እንደገና ብልጭ፣ እንደገና ድርግም። ያኔ እማማ ፓንግ አልቻለችም፤ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ በዚያ ሾርባ በሚያዝዘው ድምፅዋ «ና እንጂ!» ብላ ጮኸች። እታለም፣ የጉድጓዱን ነገር ነግሬያት አላውቅም። ከሆዷ ነው የወጣው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ በሳቁ መካከልም አባባ በራ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ዝናብ ነው። ስድሳ ሚሊዮን ዎን ብለው ጀመሩ። ነጭ ጓንት ያደረገች ሴት አለች፣ በስልክ የሚጫረት ሰው አለ፣ ከደቡብ ከአንድ የከተማ ሙዚየም የመጣች አጭር ሴትም አለች። መቶ አለፈ፣ ሁለት መቶ አለፈ። ሴትዮዋ ጓንቷን አወለቀች፣ ስልኩም ዝም አለ። መዶሻው ሦስት መቶ አርባ ሚሊዮን ላይ ሲወርድ ከኋላ የቆመው የኡልጂሮ ሰው በኳስ ሜዳ እንዳለ ጮኸ፤ ዘበኞቹም ተስፋ ቆርጠው አብረው አጨበጨቡ። የወሰደው ሙዚየሙ ነው፤ ማንም ገብቶ ያየዋል። አጭሯ ሴት መጥታ ስታርተር ሲደክም ማን ይመርጥልናል አለችኝ። እኔ እመጣለሁ አልኳት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆሜ፣ ሳልጠየቅ፣ ሌላም ጨመርኩ፦ አምፖሎቹን ቀጥ አድርጋችሁ እንዳትሰቅሏቸው አልኳት።

እማማ ፓንግ ከሁለት መንገድ ወዲያ ያለውን ቤት ትናንት ተከራየች፤ በጃንዋሪ ትከፍታለች። ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ሌላ መብራት ሥሪልኝ፣ ግን እባክሽ እንደዚህኛው እንዳይወደድብኝ ትለኛለች። አለቃ ናም ከአሁን በኋላ ሃያ ዋት አልልሽም ብሎ በሰው ፊት ማለ፤ ዛሬ ጠዋት ግን ረስቶ ሃያ ዋት ብሎ ጠራኝ። ደስ አለኝ። ስሙን ለምጄዋለሁ። ነገ ኪምቺዬን አዘጋጃለሁ።

ለጋሼ ቻንግ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጨውን በተመለከተ ከአንቺ ወገን ነኝ በይው። ለሉሲያ፣ አክስትሽ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተናገረች በያት፤ አታምንሽም፣ ደብዳቤውን አሳያት። ለማርቲን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለትንሿ ለካሚላ የአያቷን አባት መብራት በፎቶግራፍ ልኬላታለሁ፤ አሥራ አንድ ድረስ መቁጠር አስተምሪያት። ውሻችሁንም ጆሮውን እከኪልኝ።

ከፎቶግራፉ ጋር በጥጥ የተጠቀለለ ትንሽ ቆርቆሮ ታገኛለሽ። ከሁለት መቶው ስታርተሮች ሁሉ የዘገየችው እሷ ናት። ለአባባ ቦታ መርጫት ነበር፤ መምህር ፒዮ ግን ይህቺስ በጣም ዘገየች፣ ሰው ሄዳ ቀረች ብሎ ያለቅሳል አለና ተውናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። የእናንተም ኤሌክትሪክ እንደ እኛው ሁለት መቶ ሃያ ነው ብለውኛል፤ ከስፌት መኪናሽ በላይ ባለው አምፖል ላይ ሰክተሽ እያት። ተበላሽታለች ብለሽ ቶሎ እንዳትነቅያት፤ ትዘገያለች እንጂ ትበራለች። እስክትበራ ድረስ ቆመሽ ስትጠብቂ እኔም እዚህ በሬ ላይ ቆሜ እየጠበቅሁ እንደሆነ አስቢ። ከሄድሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነሽ እታለም። የቤት ጫማሽን ገዝቼ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙሬ አስቀምጫለሁ።

ነይ እንጂ።

ታናሽሽ ዶክሱን

ሴኡል፣ ኡልጂሮ
እሑድ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2023